ለፖሊስ እጅ ልክ ያበጁት ዳኛ፤ ኧርል ዋረን

አንድ ሰው በሰላም መንገዱን ሲሄድ ፖሊስ አስቁሞ ልብሱን ከላይ እስከ ታች ቢዳብሰው፣ ፖሊሱ ይህን ለማድረግ ሥልጣኑን ከየት ያገኘዋል? እጁስ እስከ ምን ድረስ ሊሄድ ይችላል? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል እንጂ ሕግ ዐዋቂዎችን ሲያከራክር የኖረ ብርቱ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን መልስ የሰጡት የላዕላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኧርል ዋረን ናቸው። ማዕረጋቸው በአገራችን በቀድሞው ዘመን አፈ ንጉሥ ይባል ከነበረው ጋር የሚቀራረብ ነው። ስማቸው በዓለም የገነነው የጥቁርና የነጭ ልጆች ተለያይተው እንዳይማሩ ባደረጉበት በሌላው ፍርዳቸው ቢሆንም፣ እኛ በዛሬው የእሑድ ገጻችን የሕይወታቸውን ታሪክ የምናቀርበው በተለይ በዚህ በፍተሻው ነገር ምክንያት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኧርል ዋረን ማርች 19 ቀን 1891 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ግዛት በሎስ አንጀለስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከኖርዌይ፣ እናታቸው ከስዊድን ገና በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ነበሩ። አባትየው የምድር ባቡር ሠራተኛ ሲሆኑ በ1894 ዓ.ም. በተነሣው ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ከአድመኞቹ ጋር ስለ ተባበሩ ከሥራቸው ተባረሩ። ኩባንያዎቹም እንዳይቀጥሯቸው ተማከሩባቸው። በዚህ ምክንያት ቤተ ሰቡ ሎስ አንጀለስን ትቶ ቤከርስፊልድ ወደምትባለው አቧራማ ከተማ ሄዶ ተቀመጠ። ወጣቱ ኧርልም በትምህርት ዕረፍት ጊዜ ለባቡር ኩባንያ ተቀጥረው፣ ባቡር ነጂዎችና ረዳቶቻቸው ተራቸው ሲደርስ እየዞሩ የመጥራት ሥራ ይሠሩ ነበር። ተረኛውን የሚያገኙት ሁልጊዜ በቤቱ አልነበረም፤ በመሸታ ቤትም በቁማር ቤትም ገብተው መፈለግ ነበረባቸው። ሰው በክፉ ሰፈር ስለ ተገኘ ብቻ ክፉ ሰው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተምረውት ይሆናል ብለን እናስባለን።

በበርክሊ በሚገኘው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1914 ዓ.ም. የሕግ ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጦር ሠራዊት አገልግለው ከተመለሱ በኋላ በ1920 ዓ.ም. ኦክላንድ ከተማ በሚገኝበት በአላሜዳ አውራጃ በዐቃቤ ሕግነት ሥራ ጀመሩ፤ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ የአውራጃው ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። ይህን ሥራ እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስ ይዘው ቆይተዋል። በአሜሪካ መጠጥ በሕግ የተከለከለበት፣ የድብቅ አረቄ ነጋዴና ቁማርተኛ የበዛበት፣ ፖሊሱም ጉቦ የለመደበት ዘመን ነበር። ዐቃቤ ሕግ ዋረን ወንጀለኛውን ብቻ ሳይሆን ጉቦኛውን ሹም ጭምር እየተከታተሉ በመክሰስ ስም አተረፉ። ፖሊሶችን በቅርብ ያውቋቸዋል፤ ከእነርሱ ጋር ያመሻሉ፤ የሥራቸውን አደጋም ያያሉ። ኋላ ፍርድ ቤት ሲገቡ ስለ ፖሊስ ሥራ ከመጽሐፍ የተማሩ ሰው አልነበሩም።

በ1938 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ለመሆን በሚወዳደሩበት ወቅት ከቤከርስፊልድ ክፉ ወሬ ደረሳቸው። አዛውንቱ አባታቸው በገዛ ቤታቸው ውስጥ በብረት ተቀጥቅጠው ተገድለው ተገኙ። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ልጁ ከዐሥር ዓመት በላይ ወንጀለኛ ሲያሳድዱ ኖረው የአባታቸውን ገዳይ ሳያገኙ ቀሩ። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከብዙ ዓመት በኋላ ዋረንን ለወንጀለኛ የሚያዝኑ፣ ለተበደለ የማይጨነቁ አድርገው የሚያሙአቸው ሰዎች በዝተው ነበርና፣ ሐሜታው የሚወርደው በማን ላይ እንደ ነበረ አንባቢ እንዲያውቀው ነው።

በታሪካቸው ላይ የቀረ አንድ ነውርም አለ። ጃፓን በዲሴምበር 1941 ዓ.ም. የአሜሪካን መርከቦች በፐርል ሐርበር ከደበደበች በኋላ፣ በምዕራብ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩ ከ110,000 በላይ የጃፓን ተወላጆች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች ሆነው ሳሉ፣ ከቤታቸው ተፈናቅለው በካምፕ እንዲታጎሩ ተደረገ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዋረን ይህን አጥብቀው ከደገፉት አንዱ ነበሩ። በማንም ላይ በስሙ የቀረበ ማስረጃ አልነበረም፤ የተወለዱበት ዘር ብቻ በቂ ጥርጣሬ ተደርጎ ተቈጠረ። ዋረን በዚህ ሥራቸው መጸጸታቸውን የገለጹት ከሞቱ በኋላ በ1977 ዓ.ም. በታተመው የሕይወት ታሪካቸው ነው። ጥርጣሬ ያለ ልክ ሲለቀቅ ምን እንደሚያደርስ ከማንም ይልቅ ከራሳቸው ሥራ ሊያውቁት ይችሉ ነበር።

በ1942 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ገዥ ሆነው ተመረጡ፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ በመመረጥም እስከ 1953 ዓ.ም. ገዙ። በ1948 ዓ.ም. ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው አልተሳካላቸውም። በኦክቶበር 1953 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የላዕላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አድርገው ሾሟቸው። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ በዳኝነት ወንበር ተቀምጠው የማያውቁ ሰው ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ሜይ 17 ቀን ዘጠኙን ዳኞች በአንድ ቃል አስማምተው የትምህርት ቤቱን ፍርድ ሰጡ። የፕሬዚዳንት ኬኔዲን ግድያ የመረመረውን ኮሚሲዮን የመሩትም እርሳቸው ናቸው። ይህ ሁሉ ብዙ የተጻፈበት ስለ ሆነ አልፈነው ወደ ፍተሻው ነገር እንሄዳለን።

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ1791 ዓ.ም. የተጨመረው አራተኛው ማሻሻያ ሰው በአካሉ፣ በቤቱ፣ በጽሑፉና በንብረቱ ላይ ያለ አግባብ ብርበራና መያዝ እንዳይደርስበት ይጠብቀዋል። ሕጉ ያማረ ቢሆንም፣ ፖሊስ ይህን ሕግ ጥሶ ያገኘውን ማስረጃ በብዙ ግዛቶች ያሉ ፍርድ ቤቶች ይቀበሉት ነበር። ክልከላው ተጽፏል፤ ክልከላውን ለጣሰ ፖሊስ ግን የሚያጣው ነገር አልነበረም። በ1961 ዓ.ም. የዋረን ፍርድ ቤት የማፕ ፍርድ በተባለው ውሳኔ ይህን ለወጠው። በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ፖሊሶች የሚፈልጉት ሰው አለ ብለው የአንዲት ሴት ቤት ውስጥ ያለ ማዘዣ ገብተው፣ የፈለጉትን ሳይሆን ነውረኛ የተባሉ መጻሕፍትን አግኝተው ሴትዮዋን አስፈርደውባት ነበር። ላዕላይ ፍርድ ቤቱ ያለ አግባብ በተደረገ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በማናቸውም የግዛት ፍርድ ቤት እንዳይቀርብ ወሰነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገድ ላይ የሚደረገው ፍተሻ ሁሉ ትልቅ ጥያቄ ሆነ። ፖሊስ ከአንድ ሰው ኪስ ሽጉጥ ቢያገኝ፣ እጁን መጀመሪያ ለመስደድ መብት ከሌለው ሽጉጡም ማስረጃ አይሆንም ማለት ነውና።

ይህ ጥያቄ ወደ ዋሺንግተን የደረሰው ከዚያችው ከክሊቭላንድ ነው። ኦክቶበር 31 ቀን 1963 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማርቲን ማክፋደን የተባለ መርማሪ ፖሊስ የሲቪል ልብስ ለብሶ በከተማው መካከል ይዘዋወር ነበር። በፖሊስነት 39 ዓመት ያገለገለ፣ ከዚህም ውስጥ 35ቱን በመርማሪነት የቈየ ሰው ነው። በዚያ ሰፈር 30 ዓመት ሙሉ ኪስ አውላቂና ከሱቅ የሚሰርቅ ሌባ ሲጠባበቅ ኖሯል። ሁለት ሰዎች በሂውሮንና በዩክሊድ መንገዶች ማዕዘን ላይ ቆመው አየ። ከዚያ በፊት አያውቃቸውም። ዐይኑን የሳበው ምን እንደ ሆነ ኋላ በፍርድ ቤት ሲጠየቅ በትክክል ለመናገር አልቻለም፤ አኳኋናቸው ብቻ አላማረውም። ተደብቆ ቆሞ ያያቸው ጀመር።

አንደኛው ከማዕዘኑ ተነሥቶ ሱቆቹን እያለፈ ይሄዳል፤ በአንዱ ሱቅ መስኮት ወደ ውስጥ ይመለከታል፤ ትንሽ አልፎ ይመለስና ያንኑ መስኮት እንደ ገና ያያል፤ ከዚያም ከጓደኛው ጋር ይመካከራል። ቀጥሎ ሁለተኛው ተነሥቶ ያንኑ ያደርጋል። እንዲህ እያሉ እያንዳንዳቸው አምስት ስድስት ጊዜ፣ በድምሩ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ተመላለሱ። በመካከሉ ሦስተኛ ሰው መጥቶ አነጋግሯቸው ሄደ። ዐሥር ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ሦስተኛው ወደ ሄደበት አቅጣጫ ተከተሉት፤ በአንድ ሱቅ በር ላይም ተገናኙ። ማክፋደን ሰዎቹ ሊዘርፉ ሱቁን እያጠኑ ነው ብሎ ገመተ፤ ለዝርፊያ የሚወጣ ሰው ደግሞ መሣሪያ እንደሚይዝ ያውቃል። ብቻውን ነው፤ እነርሱ ሦስት ናቸው።

ቀርቦ ፖሊስ መሆኑን ገልጾ ስማቸውን ጠየቃቸው። ያጕተመተሙትን ነገር ለመስማት አልቻለም። በዚህ ጊዜ ቴሪ የተባለውን ሰው ያዘና አዙሮ፣ በእርሱና በሌሎቹ መካከል አድርጎ አቆመው፤ ልብሱንም ከላይ ዳበሰው። ከካፖርቱ የግራ ደረት ኪስ ውስጥ ሽጉጥ በእጁ ተሰማው። ሦስቱንም ወደ ሱቁ አስገብቶ የቴሪን ካፖርት አስወልቆ ሽጉጡን አወጣ። ሁለተኛውንም ከላይ ቢዳብሰው ሌላ ሽጉጥ ተገኘበት። በሦስተኛው ሰው ልብስ ላይ ግን ምንም ስላልዳሰሰ እጁን ወደ ውስጥ ሳይሰድድ ተወው። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ፍርዱ ግን በብዙው የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ቴሪ መሣሪያ ደብቆ በመያዝ ተከሶ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ጠበቃው ሉዊስ ስቶክስ ነበሩ፤ እኒህ ጥቁር አሜሪካዊ የሕግ ሰው በኋላ ለብዙ ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሆነው ኖረዋል። ስቶክስ ክርክሩን ከክሊቭላንድ አንሥተው እስከ ላዕላይ ፍርድ ቤት አደረሱት፤ በዲሴምበር 1967 ዓ.ም. በዋረን ፊት ቆመው ተሟገቱ። ሁለቱ ተከሳሾች ጥቁሮች ነበሩ። በየከተማው የሚኖር ጥቁር ወጣት በየመንገዱ ያለ ምክንያት እየተያዘ መዳበሱ ትልቅ እሮሮ የሆነበት ጊዜ ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ ወንጀል በረከተ፣ ፍርድ ቤቱ የፖሊሱን እጅ አሰረ የሚለው ጩኸት በርትቶ፣ ዋረን ከሥልጣን እንዲነሡ የሚጠይቁ ትላልቅ ሰሌዳዎች በየአውራ ጎዳናው ተተክለው ነበር። በ1968 ዓ.ም. በኤፕሪል ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ፤ ከተሞችም በእሳት ጋዩ። በጁን መጀመሪያ ሮበርት ኬኔዲ ተገደሉ። ፍርዱ የተነበበው ከዚያ አራት ቀን ቈይቶ ጁን 10 ቀን ነው።

ጽሑፉን ያዘጋጁት ዋረን ራሳቸው ናቸው፤ በረቂቁ ላይ ባልደረባቸው ዳኛ ዊልያም ብሬናን ብዙ ረድተዋቸዋል። ከዘጠኙ ዳኞች ስምንቱ ቴሪ እንዲታሰር በተሰጠው ፍርድ ተስማሙ። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ዋረን ለፖሊስ አደሉ ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በዚያ ዘመን የፖሊስ ወገን የሚያቀርበው ክርክር፣ ሰውን ለጥቂት ጊዜ ማስቆም መያዝ አይባልም፤ ከላይ መዳበስም ብርበራ አይባልም፤ ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ አይነካውም የሚል ነበር። ዋረን ይህን አልተቀበሉም። ፖሊስ አንድን ሰው እንዳይሄድ ከከለከለው ይዞታል፤ በልብሱ ላይ እጁን ካሳለፈ ፈትሾታል። ሰው በአደባባይ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲዳበስ የሚደርስበት ውርደት ቀላል እንዳልሆነም በግልጽ ጻፉ። እንዲህ በማድረግ ዳበሳውን ከሕገ መንግሥቱ ጥላ ሥር አገቡት። ለእኛ የፍርዱ ታላቅ ነገር ይህ ይመስለናል፤ ምክንያቱም ከሕግ ውጭ ነው ለተባለ ነገር ልክ ሊበጅለት አይቻልም።

ቀጥሎ የፖሊሱን ነገር አመዛዘኑ። በ1966 ዓ.ም. ብቻ በአሜሪካ 57 ፖሊሶች በሥራ ላይ ተገድለው፣ ከእነርሱ ውስጥ 55ቱ የሞቱት በጥይት ነበር። አጠገቡ የቆመው ሰው መሣሪያ እንደ ያዘ የሚጠረጥር ፖሊስ፣ ለእስራት የሚያበቃ ማስረጃ እስኪያገኝ ድረስ ነፍሱን ለዕድል ሰጥቶ ይጠብቅ ማለት ዋረን ያልቻሉት ነገር ነው። ስለዚህ ፈቀዱ፤ ፈቃዱን ግን በብዙ ወገን አጠሩት። ፖሊሱ እንዲሁ ልቤ ጠረጠረ ማለት አይበቃውም፤ ያየውን ነገር አንድ በአንድ ቈጥሮ ለዳኛ ማስረዳት አለበት። ሰውየው መሣሪያ የያዘና አደገኛ ነው ብሎ ለማመን አስተዋይ ሰው የሚቀበለው ምክንያት ሊኖረው ይገባል። እጁ የሚሄደው በልብስ ላይ ብቻ ነው፤ የሚፈልገውም መሣሪያ እንጂ ሌላ ማስረጃ አይደለም። መሣሪያ የሚመስል ነገር ካልዳሰሰ እዚያው ማቆም አለበት፤ ማክፋደን በሦስተኛው ሰው ላይ እንዳቆመ ማለት ነው።

ይህ ልክ ባዶ ቃል አለመሆኑን በዚያው ቀን ዋረን በሌላ ፍርድ አሳዩ። በኒውዮርክ አንድ ፖሊስ ሲብሮን የተባለውን ሰው ከቀትር በኋላ ከ10 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ፣ ለስምንት ሰዓት ያህል፣ የዕፅ ሱሰኛ ከሆኑ ሰዎች ጋር ሲነጋገር አየው። የተነጋገሩትን ግን አልሰማም፤ ሲቀባበሉም አላየም። በመጨረሻ ከምግብ ቤት አስወጥቶ አነጋገረው፤ ሲብሮን እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድድ ፖሊሱም የራሱን እጅ በዚያው ኪስ ውስጥ ከትቶ ሄሮይን አወጣ። ዋረን ይህን ፍተሻ ሻሩት። ከሱሰኞች ጋር መነጋገር ወንጀል አይደለም። ፖሊሱም መሣሪያ ይኖር እንደ ሆነ ከላይ ሳይዳብስ በቀጥታ ኪስ ገባ፤ የፈለገው ዕፅ እንጂ ሽጉጥ አልነበረም። ሁለቱም ተፈታሾች ሕግ የተላለፉ ሰዎች ነበሩ፤ የተለያየው የፈታሾቹ እጅ ነው።

በቴሪ ፍርድ ብቻቸውን የተቃወሙት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ናቸው፤ በሌሎች ብዙ ፍርዶች ከዋረን ጋር አብረው የሚቆሙ ሰው ነበሩ። ክርክራቸው እንዲህ ነው፤ ዳኛ እንኳ የመፈተሻ ማዘዣ ለመስጠት በቂ ማስረጃ ሲጠየቅ፣ የመንገዱ ፖሊስ ከዚያ ባነሰ ጥርጣሬ እንዲፈትሽ ከተፈቀደለት ከዳኛ የበለጠ ሥልጣን ተሰጠው ማለት ነው፤ ይህም ወደ ግፍ አገዛዝ የሚወስድ ረጅም እርምጃ ነው። እኛ ማክፋደንን ባሰብን ጊዜ ዋረን ትክክል መስለው ይታዩናል። ማክፋደን ግን የ39 ዓመት ልምድ ያለው ሰው ነበር፤ ፍርዱ ደግሞ ትናንት ለተቀጠረውም ወጣት ፖሊስ ነው። ዋረንም ራሳቸው ድካሙን ሳይደብቁ ጽፈውታል። ማስረጃን መሻር የሚያስፈራው ከሶ ለማስፈረድ የሚፈልገውን ፖሊስ ነው፤ ሰውን ለማስጨነቅ ብቻ የሚዳብስና ባዶ እጁን ሲቀር ሂድ ብሎ የሚያሰናብት ፖሊስ በዚህ አይመለስም። የጥቁሮቹን እሮሮም በዚሁ ጽሑፍ ጠቅሰውታል። በሽታውን አዩት፤ መድኃኒቱ ግን በእጃቸው አልነበረም።

ፍርዱ በተነበበ በሦስተኛው ቀን ዋረን ከሥራ ለመሰናበት ማሰባቸውን ለፕሬዚዳንት ጆንሰን በደብዳቤ ገለጹ። ተተኪያቸው ሳይገኝ አንድ ዓመት አልፎ በጁን 1969 ዓ.ም. ወንበሩን ለቀቁ። ጁላይ 9 ቀን 1974 ዓ.ም. በ83 ዓመታቸው በዋሺንግተን ከተማ ዐረፉ፤ በአርሊንግተን መካነ መቃብርም ተቀበሩ።

የለኩት ልክ ከእርሳቸው በኋላ አንዳንድ ጊዜ ሰፋ፤ አንዳንድ ጊዜም ጸና። በ1993 ዓ.ም. ከሚኒሶታ ግዛት በመጣ ክርክር፣ አንድ ፖሊስ በሰው ኪስ ላይ ትንሽ ጓል ነገር ዳሰሰ። መሣሪያ አለመሆኑን እያወቀ በጣቱ እያገላበጠ መርምሮ ኮኬይን አወጣ። ላዕላይ ፍርድ ቤቱ ፖሊሱ እየዳበሰ ሳለ የተከለከለ ነገር መሆኑ ወዲያውኑ በእጁ ቢታወቀው መያዝ እንደሚችል ገልጾ፣ መሣሪያ አለመሆኑን ካወቀ በኋላ ግን ጣቶቹ ለምርመራ ሊቈዩ አይገባም ብሎ ማስረጃውን ሻረ። የዋረን ልክ እስከ ጣት እንቅስቃሴ ወረደ ማለት ነው።

በመንገድ ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ። በኒውዮርክ ከተማ በ2011 ዓ.ም. ብቻ ፖሊሶች 685,724 ጊዜ ሰው አስቁመዋል። ከ2004 እስከ 2012 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ የተመዘገበው ቍጥር ሲደመር 4.4 ሚሊዮን ደረሰ። ከእነዚህ ከመቶ 80 በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ወይም የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ነበሩ። ከመቶ 52ቱ ላይ ዳበሳ ተደርጓል፤ ከዳበሳዎቹ ግን መሣሪያ የተገኘው ከመቶ በአንድ ተኩሉ ላይ ብቻ ነው። ማክፋደን ሦስት ሰው ዳብሶ በሁለቱ ላይ ሽጉጥ ማግኘቱን አንባቢ ያስታውሳል። እነዚያ የቀሩት ሰዎች ሁሉ ከግድግዳው ተላቅቀው ወደ ሥራቸው ወይም ወደ ትምህርት ቤታቸው ሄዱ። የሚሻር ማስረጃ ስላልነበረ ጉዳያቸው ለዳኛ ሳይቀርብ ቀረ።

በመጨረሻም ከተዳበሱት ሰዎች አንዳንዶቹ ተሰብስበው ከተማውን ከሰሱ። ኦገስት 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ዳኛ ሺራ ሻይንድሊን የፖሊሱ አሠራር ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነው ብለው ፈረዱ፤ አሠራሩ ሲታረም የሚከታተል ተቈጣጣሪም ሾሙ። የዋረንን ፍርድ አላፈረሱም፤ ፖሊሶቹ ያልጠበቁት መሆኑን በማስረጃ አሳዩ እንጂ። ክርክሩ በሚካሄድበት ጊዜ መቀነስ የጀመረው የማስቆሙ ቍጥር በ2014 ዓ.ም. ወደ 46,000 ገደማ ወረደ።